ጀጎል ውስጥ ሰው ይኖራል

ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ጊዲር መጋላ ገበያ የሚወስደው መንገድ በድምፁ ይታወቃል። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ደጃፍ ላይ ተደርድረው የእግር ሲንጀራቸውን ይረግጣሉ፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል። ሐረሮች መንገዱን «መኪና ግርግር» ይሉታል፤ መኪናው የስፌት መኪና ነው። ሴቶች ከአጠገቡ ካለው ሱቅ ጨርቅ አስቆርጠው ያመጣሉ፣ ልኩን በቃል ይናገራሉ፣ ሽንኩርትና ቲማቲማቸውን ገዝተው እስኪመለሱ ልብሱ ያልቃል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ አንዲት ልጅ ለሠርግ የሚሆን ገናፊ፣ ማለትም ከቀሚስ ሥር የሚለበሰውን ባለጌጥ ሱሪ፣ ልታሰፋ መጥታ ከሰፊው ጋር ስለ ጠርዙ ስትከራከር ደረስኩ። ክርክሩ በሐረሪ ቋንቋ ተጀመረ። መሐል ላይ ጫት የተሸከመች ሴት ስታልፍ ሰፊው በኦሮምኛ ሰላም አላት። እኔ ቆሜ ማየቴን ሲያውቅ ደግሞ በአማርኛ፣ «አቦ፣ ግባ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም» አለኝ።

ሐረርን ለማየት የሚመጣ ሰው ይህን መንገድ የሚያልፈው ወደ ሌላ ነገር ሲቸኩል ነው። አስጎብኚው የፈረንሳዩን ገጣሚ ቤት፣ ከዚያ የራስ ተፈሪን ቤት፣ ማታ ደግሞ ጅቡን ሊያሳየው ይወስደዋል። ስለ ሐረር የምናውቀውም ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አያልፍም፦ ጅብ፣ ግንብ፣ ቡና። ሦስቱም እውነት ናቸው። ግን ከተማዋን ለሦስት ቀን በእግሬ ስዞር የገባኝ፣ ትልቁ ቅርስ በር ዘግቶ የሚኖር፣ ምሳ የሚሠራ፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚጨነቅ ቤተሰብ መሆኑን ነው።

አምስት በር፣ አንድ ከተማ

የሐረሪ ክልል ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ትንሹ ነው። ዋና ከተማውም የዚያኑ ያህል ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በግንብ የታጠረው ጀጎል ከግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር ያንሳል። ግንቡን በእግር መዞር ለሚፈልግ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በዚህች ስፋት ውስጥ ዩኔስኮ 82 መስጊዶችና 102 የተቀደሱ የወልዮች ቦታዎች ቆጥሯል። ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው።

የከተማዋ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ ከተማ ማለት ነው። ራሳቸውን «ጌይ ኡሱእ»፣ የከተማ ሰው፣ ቋንቋቸውን «ጌይ ሲናን»፣ የከተማ ቋንቋ፣ ይላሉ። ለእነሱ «ከተማ» ሲባል ሌላ የትኛው ነው ተብሎ የሚጠየቅ አልነበረም።

ግንቡን ያሠራው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ነው ይባላል። ዘመኑ ለከተማዋ የጭንቅ ዘመን ነበር። ኢማም አሕመድ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ከወደቀ በኋላ የእህቱ ልጅ ኑር የኢማሙን ሚስት ባቲ ድል ወንበራን አገባ፤ በ1551 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ገላውዴዎስን ገጥሞ ጣለው። ከድሉ በኋላ ግን ረኀቡም፣ ከደቡብ የሚመጣው የኦሮሞ እንቅስቃሴም ከተማዋን ከበባት። ግንቡ የኩራት ምልክት ከመሆኑ በፊት የፍርሃት ሥራ ነበር። የተሠራው ሐሺ ከሚሉት የአካባቢው ድንጋይ፣ ከጭቃና ከእንጨት ነው፤ ቁመቱ አራት ሜትር አካባቢ ነው። ከቅርብ ሲያዩት ከመከላከያነቱ ይልቅ የአንድ ሰፊ ግቢ አጥር ይመስላል።

የመጀመሪያዎቹ በሮች አምስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ቢያንስ ሁለት ስም አላቸው። ሸዋ በር ለሐረሪው አስመዲን በሪ ነው፤ ቡዳ በር በድሪ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ፣ ኤረር በር አርጎብ በሪ፣ ፈላና በር ደግሞ አሱም በሪ። ስሞቹን መልሶ መላልሶ የሚጠይቅ እንግዳ ስለ ከተማዋ ብዙ ይማራል። በሩ አንድ ሆኖ የሚመጣበት አቅጣጫና የሚገባበት ሰው ቋንቋ ይለያያል። ሌሊት በሮቹ ይዘጉ፣ ቁልፉም ወደ አሚሩ ይወሰድ ነበር። ዛሬ በኤረር በር በኩል ጠዋት የሚገቡት እንጨት፣ ወተትና ጫት የያዙ የገጠር ሴቶች ናቸው፤ ከአሮጌዎቹ ፔጆ 404 ታክሲዎች አንዳንዱ አሁንም ይገኛል፣ ባጃጅ ግን ሁሉንም በልጧል። መኪና እንደ ልብ የሚገባበት ትልቁ የሐረር በር ከአምስቱ ወዲህ የተከፈተ ነው።

«ግንቡ የኩራት ምልክት ከመሆኑ በፊት የፍርሃት ሥራ ነበር።»

ጫማ አውልቆ መግባት

ከመንገድ ሲታይ የሐረሪ ቤት ምንም አይናገርም። ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ አንድ የእንጨት በር፣ መስኮት የለም። ጠባቦቹ መተላለፊያዎች፣ በጌይ ሲናን ኡጋ፣ በሁለት ኖራ በተቀቡ ግድግዳዎች መካከል እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ያለው ሐምራዊ። ከመተላለፊያዎቹ አንዷ በጣም ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ለሌላው ካላሳለፈ መንገድ የለም። የተጣሉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ ማለፍ እንደማይችሉ እያስታወሱ አስጎብኚዎች ይስቃሉ። እኔ ግን በዚያች መንገድ ላይ ሁለት አዛውንቶች ሲገናኙ አንደኛው እስከ ግድግዳው ተጠግቶ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ አይቻለሁ።

በሩ ሲከፈት ግቢ ይታያል፤ ከግቢው ወደ ዋናው ክፍል ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ያስተናገዱኝ የቤቱ እናት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ልጆቻቸው ከአንዱ በቀር ሁሉም ውጭ አገር ናቸው። በሐረር «አይ» ማለት እናት፣ «አው» ማለት አባት ነው። ቃሎቹ ለወላጅ ብቻ አይደሉም፤ የከተማዋን ታላላቅ ወልዮች ስም ሲጠሩም ከፊት ይቀድማሉ፦ አው አባድር፣ አይ አቢዳ። ሴት ወልይ ያላት፣ እሷንም «እናት» ብላ የምትጠራ ከተማ መሆኗን ብዙ ጎብኚ ሳይሰማ ይመለሳል።

ውስጡ ከመንገዱ ዝምታ ጋር አይገናኝም። ወለሉ በእርከን የተሠራ ነው፤ እርከኖቹ ነደባ ይባላሉ፣ አምስት ናቸው። ለቤቱ ታላቅና ለተከበረ እንግዳ አሚር ነደባ አለ። ትልቁ፣ ጊዲር ነደባ፣ ብዙውን ሰው ይይዛል። ትንሹ ጢት ነደባ ለልጆችና ለወጣቶች ነው። ከበሩ ጀርባ ገብቲ አሐር ነደባ፣ ከዓይን የራቀውም ሱትሪ ነደባ አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚነግረው የለም፤ እርከኑ ራሱ ይናገራል። የቤቱ እናት «እዚያ ተቀመጥ» ሲሉኝ የእንግዳነቴን ደረጃ ነው የሰማሁት።

ግድግዳው ሙሉ በሙሉ በስፌት ተሸፍኗል። ትናንሽ ሙዳዮች፣ ሰፋፊ ሞሰቦች፣ በመሐላቸው የተሰቀሉ ሳህኖች። ስፌቱ ከእናት ለሴት ልጅ ይተላለፋል፤ ሙሽራ የምትገባውም የሰፋችውን ይዛ ነው። ከላይ ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉ፤ ከነሱ አንዳንዶቹ የመጻሕፍትና የቁርአን ቦታ ናቸው። ከጎን ትንሽ ክፍል አለች፤ ኪርታት። አዲስ ተጋቢዎች የመጀመሪያ ቀናቸውን በእሷ ውስጥ ሳይወጡ ያሳልፉ ነበር፤ ምግብ በትንሽ መስኮት ይሰጣቸው ነበር።

የወለሉ ቀይ ቀለም ቀይ አፈር ተቀብቶበት ነው። ብዙ ሐረሪዎች ይህን ቀለም በ1879 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር ከተደረገው የጨለንቆ ጦርነት ጋር ያያይዙታል፤ ያኔ የፈሰሰው ደም እንዳይረሳ ነው ይላሉ። የቤቱ እናት ግን ሲጠየቁ በመጀመሪያ ያነሡት ጦርነቱን አልነበረም። ቀዩ አፈር በየዓመቱ ለረመዳን መታደስ እንዳለበት፣ አሁን የሚቀባላቸው ልጅ ማግኘት እንደቸገራቸው ነገሩኝ። ከዚያ ቁጢ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን መጠጥ፣ በወተት አድርገው አቀረቡልኝ። ቡና አብቃይ አገር ውስጥ ፍሬው ለገበያ ሄዶ ቅጠሉ ለቤት የቀረበት ዘመን እንደነበር ይህ ጽዋ ያስታውሳል።

ሁለት ትዝታ፣ አንድ አደባባይ

የጀጎል መሐል ፈረስ መጋላ ነው፤ የፈረስ ገበያ። በአደባባዩ ጎን መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ በአደባባዩ ላይ ደግሞ የጨለንቆ ሰማዕታት መታሰቢያ ቆሟል። ሁለቱም ከአንድ ዓመት የተነሡ ናቸው።

ግብፆች በ1868 ዓ.ም. ሐረርን ያዙ፣ በ1877 ዓ.ም. ለቀው ወጡ። ከነሱ በኋላ የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ ለአጭር ጊዜ ነገሠ። በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሸነፈውና ከተማዋን ያዘ፤ አስተዳደሯንም ለራስ መኰንን ሰጠ። ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ በኋላ የተሠራው መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። በጀጎል ያነጋገርኳቸው አንድ የታሪክ መምህር ይህን ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ ምንም ነገር እንደማይደብቁ፣ ግን ደግሞ ራስ መኰንን ለሃያ ዓመት ያህል በዚች ከተማ ሆስፒታልም መንገድም ንግድም እንዲስፋፋ ያደረገ ገዥ መሆኑን እንደማይዘሉ ነገሩኝ። የራስ መኰንን ባለ ፈረስ ሐውልት ከግንቡ ውጭ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ነበር፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በነበረው ሁከት ወደቀ።

እዚህ አደባባይ ላይ ቆሞ ቤተ ክርስቲያኑንና መታሰቢያውን አንድ ላይ ማየት ይከብዳል፤ ግን ማየት ይገባል። ደወሉና አዛኑ በአንድ ጠዋት ይሰማሉ። አጥር የሚጋሩ የክርስቲያንና የሙስሊም ቤተሰቦች በሐዘን ጊዜ አንዱ የሌላውን ድንኳን ያቆማሉ። ለከተማዋ የተሰጠው የዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማት ይህን ዓይነቱን ኑሮ አይቶ ነው። እኔ የምለው ሽልማቱ የጨለንቆን ሕመም ይሸፍን ዘንድ መጠቀሚያ ሊሆን አይገባም ነው። ሁለቱም የከተማዋ ናቸው።

የፈረንሳዩ ቤት

ስለ አርቱር ራምቦ ባጭሩ ልናገር። ግጥም መጻፉን በወጣትነቱ ትቶ በ1873 ዓ.ም. የቡና ነጋዴ ወኪል ሆኖ ሐረር ገባ፣ በመካከል እየወጣና እየተመለሰ እስከ 1883 ዓ.ም. ቆየ፣ እግሩ ታሞ በቃሬዛ ወደ ባሕር ተወሰደ፣ በወራት ውስጥ ማርሴይ ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ግን ከእሱ ዘመን በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ውብ ቤት ነው፤ ጣሪያው በሥዕል ተሸፍኗል፣ መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት ናቸው፣ ከላይ ሆኖ የጀጎል ጣሪያ ሁሉ ይታያል። ለዚያ ውበት መጎብኘት ይገባዋል።

የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውም የሕንድ ነጋዴ ሥራ ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ሀብት አለ። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የተባሉ የከተማዋ ሰው ለብዙ ዓመታት ከየቤቱ የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ የአሚሮቹ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና አልባሳት እዚያ ይታያሉ። ሐረር የራሷን ገንዘብ የምታትም፣ መጽሐፍ የምትጽፍና የምትጠርዝ ከተማ ነበረች። የተበጣጠሰ የቁርአን ገጽ በቆዳ ጠርዞ መመለስን እንደ ሙያ የያዙ እጆች በዚያ ቤት ዳግም ሥራ አግኝተዋል። ጎብኚው ሁለቱን ቤቶች በአንድ ሰዓት ከሚጨርስ እዚህ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ የተሻለ ነው።

ባቡሩ ያላለፈባት

ሐረር እስከ ዛሬ እንደ ነበረች የቆየችው ስለተጠበቀች ብቻ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ነበር። ተራራው ግን ወጪውን አበዛው፤ ሐዲዱ በቆላው አለፈና በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ድሬዳዋ የተወለደችው ያኔ ነው። ነጋዴው፣ ዕቃው፣ ገንዘቡ ሁሉ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ወረደ። ወደ ባሕሩ የሚሄደውን ንግድ ለዘመናት የያዘች ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዳር ላይ ቀረች። ሐረሮች ይህን ሲያወሩ ዛሬም የቅሬታ ቃና አለበት፤ ግን ያ ገንዘብ እዚያው ሐረር ቢቀር ኖሮ አሮጌው ቤት ፈርሶ በስፍራው ሕንፃ ይቆም ነበር። ጀጎልን ከመፍረስ ያዳናት ድህነቷ መሆኑን መናገር ደስ አይልም። እውነት ነው።

«ጀጎልን ከመፍረስ ያዳናት ድህነቷ መሆኑን መናገር ደስ አይልም። እውነት ነው።»

ኖራ፣ ጭቃና ቆርቆሮ

አሁን ገንዘብ እየመጣ ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። በቅርብ ዓመታት በከተማዋ በተሠራው የኮሪደር ልማት መተላለፊያዎች ንጹሕ ድንጋይ ተነጥፎባቸዋል፣ ግድግዳዎች ታድሰዋል፣ ማታ መብራት አለ። ሱቅ ያላቸው ተደስተዋል፤ ጎብኚ በዝቷል ይላሉ። ነገር ግን ከአንድ ግንበኛ ጋር ሁለት ሰዓት ተቀምጬ የሰማሁት ጭንቀት ከመንገዱ አልፎ ወደ ቤቱ ውስጥ ይገባል።

የጥንቱ ቤት የሚተነፍስ ቤት ነው። ሐሺ ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ፣ በመሐሉ እንጨት ገብቶበት፣ በኖራ ይለሰናል። ዝናብ ሲመጣ እርጥበቱ ይገባል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይወጣል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት ግን እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፤ ጭቃው ይላላል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ከውጭ አዲስ የመሰለው ግድግዳ ከውስጥ ይወድቃል። ጣሪያውም ዝርግ ነው፤ በወፍራም እንጨት ላይ አፈር ተደልድሎ የሚሠራ። ከየክረምቱ በፊት መጠቅጠቅና መጠገን አለበት። ቆርቆሮ ይህን ድካም ያስቀራል። ለዚህ ነው ብዙው ቆርቆሮ የለበሰው።

ቤቱ ቅርስ ነው፤ ባለቤቱ እንዳሻው ሊያድሰው አይችልም። በባህላዊው መንገድ ሊያድስ ቢፈልግ ደግሞ ጭቃ የሚያውቅ ባለሙያ ጥቂት ነው፣ ደህና እንጨት ውድ ነው። አንድ ጡረተኛ ግቢያቸው ውስጥ የተነቃነቀ ግድግዳ አሳዩኝ። የጠየቁት ፈቃድ እስኪመጣ አንድ ክረምት አልፏል። ግድግዳው አሁን በሁለት ግንድ ተደግፎ ቆሟል። ያንን ሲያሳዩኝ አላማረሩም፤ ቤቱ ከአያታቸው መሆኑን፣ ሸጠው ወደ ሰፊው አዲስ ሰፈር ከወጡት ጎረቤቶቻቸው ጋር እንደማይሄዱ ብቻ ነገሩኝ። በልቅሶና በሠርግ የሚያገናኛቸው ማኅበር፣ አፎቻ፣ አባላቱ ሲበታተኑ እየደከመ መሆኑ ግን ያስጨንቃቸዋል። አፎቻ ቅርብ ቤት ይፈልጋል። ሲቸግር በአጥር የሚጠራ ሰው ይፈልጋል።

እኔ ለዚህ አንድ ነገር እላለሁ። ለግንቡ የሚወጣው ገንዘብና ትኩረት ሩቡ እንኳ ለነዋሪው የጣሪያ ጥገናና ለጭቃ ሠሪው ልጅ ሥልጠና ቢውል፣ ጀጎል ውስጥ የሚታየው ነገር ከግድግዳ በላይ ይሆናል። ባዶ ቤት ቢታደስ እንኳ ቀይ አፈሩን የሚቀባ እጅ ከሌለው በጥቂት ዓመት ይሞታል።

ማታ

ጅቡን ለማየት ጎብኚዎች ከግንቡ ውጭ ይሰበሰባሉ። ሥጋ በእንጨት ተሰክቶ ይሰጣል፣ ደፋር የሆነ በአፉ ይይዛል፣ ፎቶ ይነሣል። ይህ ትርኢት ረጅም ዕድሜ የለውም፤ ባለፈው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው። ከዚያ የሚቀድመው ልማድ በዓሹራ ቀን ለጅቦች ገንፎ በቅቤ ማቅረብ ነው፤ አበላሉን አይተው ዓመቱ ጥጋብ ይሁን ችግር ይተነብያሉ። በግንቡ ሥርም ጅብ እንዲገባና እንዲወጣ የተተዉ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ። ጅቡ ሥጋ ተራው የጣለውን አጥንት ይጠርጋል፤ ጅኒም ያባርራል ይላሉ። ሲጠሩትም በአክብሮት ነው፤ ስሙን ከ«ሼክ» ጋር አያይዘው ያነሡታል።

በመጨረሻው ማታ ከቤቱ እናት ዘንድ እራት በልቼ ስወጣ የልጅ ልጃቸው፣ አሥር ዓመት የማይሞላው፣ እስከ መንገዱ እንዲሸኘኝ ታዘዘ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ልጁ እጄን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው አስጠጋኝ። ከመብራቱ በታች አንድ ትልቅ ጅብ አንገቱን ደፍቶ እየመጣ ነበር። ጥፍሩ ድንጋዩ ላይ ሲነካ ይሰማል። ሁለታችንም ጀርባችንን ለኖራው ሰጥተን ቆምን። ጅቡ ሳያየን፣ ወይም አይቶ ሳይገርመው፣ በሁለት ክንድ ርቀት አለፈና ወደ ሥጋ ተራ ታጠፈ።

ልጁ ጀርባው ላይ የቀረውን ነጭ ኖራ አራገፈ። ከዚያ የእኔንም አራገፈልኝ፤ ግድግዳው ዛሬ ጠዋት እንደተቀባ፣ የቀባውም እሱ ራሱ መሆኑን ነገረኝ።